የእማዬ ክብደት

ማክሰኞ፣ የወሩ አሥራ አንድ። ጠዋት የተሸጠ፦ ምስማር፣ ገመድ፣ አንድ ባልዲ ቀለም። የጎደለ፦ የትንሹ ሚዛን ሁለት የመመዘኛ ብረት። ከምሳ በፊት ተገኝቷል።

እህት ዓለም፣ እንደምን ሰነበትሽ? ያ ወገብሽስ እንዴት ሆነልሽ? ባልሽና ልጆችሽስ ደህና ናቸው? እኛ ድካሙን ካልቆጠርነው ደህና ነን። የዛሬውን ውሎ እንደ ልማዴ ማስታወሻዬ ላይ ጀምሬው ነበር፤ ላንቺ ብጽፈው ይሻላል ብዬ ነው።

የላክሽው የምግብ መፍጫ እንክብል ደርሶን እማዬ ሳታስታጉል ስትውጥ ከርማለች። በዕድሜ የገፋ ሰው ሆድ ይሰንፋል፣ ምግብ የሚፈጨው ኢንዛይም ካነሰው የሥጋውና የእንቁላሉ ፕሮቲን ሰውነቱ ላይ አያርፍም ብለሽ ስለጻፍሽልን፣ ከምግብ በኋላ ባለቤቴ ውኃ፣ እኔ እንክብል ይዘን እንደ ዘበኛ እንቆማለን። በየሳምንቱም ሱቅ ውስጥ በጆንያ መመዝኛው ላይ አቆማታለሁ። ኪሎ ጨመረች ብዬ የጻፍኩልሽ ያንን አይቼ ነው።

ቀሚሷ ግን እየሰፋት ሄደ። ክንዷን ካልያዝናት ከወንበር አትነሣም። ሚዛኑ ወደ ላይ፣ እማዬ ወደ ታች፤ እንዲህ ያለ ሂሳብ በንግድ ዘመኔ አላየሁም።

ዛሬ የትንሹን ሚዛን ብረቶች ሳጣ የሱቁን ተሸካሚ ጠረጠርኩት። እሱም፣ “ጋሼ፣ የምሸከመው ያነሰኝ ይመስልዎታል?” አለኝ። ኋላ ባለቤቴ ልታጥብ ብላ የእማዬን ሹራብ ስታነሳ ኪሱ ከበዳት። ለካስ በተመዘነች ቁጥር ብረቶቹን ኪሷ ከታ ነው የምትቆመው፤ ትናንት መመለሱን ረስታው ነው። ሚዛን ሲሰረቅ ከሩቅ አውቃለሁ የምለው ሰው በገዛ እናቴ ተበላሁ።

ብጠይቃት አልደነገጠችም። “ስመዘን ፊትህን አየዋለሁ፤ ሲቀንስ ይጠቁራል። ልጄስ መድኃኒቱ ሠራልሽ ወይ ስትለኝ ምን ልበላት?” አለችኝ። ከዚያ ቀስ ብላ ሌላውንም አወጣችው። የታችኛው ሰው ሠራሽ ጥርሷ ድዷን እየላጠው ሥጋ ማላመጥ አቅቷታል። ዞር ስንልላት ለድመቷ ትሰጣለች። እኛ ደግሞ ድመቷ ወፈረች እያልን እንስቃለን። ጥርሱን ያሠራሽላት አንቺ ስለሆንሽ ቅር እንዳይልሽ ብላ ዝም አለች።

የመድኃኒት ቤቷን ሴትዮ ሄጄ አማከርኳት። እንክብሉ የሚፈጨው ሆድ የገባውን ነው፣ ሾርባ ብቻ ጠጥታ ብትውጠው ወፍጮ ያለ እህል ማዞር ነው፤ ያስፈልጋት እንደሆነም ሐኪም አይቶ ይወስን አለችኝ። ስለዚህ ለጊዜው ሌላ አትላኪ። አንቺን መውቀሴ አይደለም። ሁላችንም መዋጧን ስንጠብቅ መብላቷን ያየ የለም።

ደክሞኛል፣ እህቴ። ልቆጣት ብዬ አልሆነልኝም። የኔ ፊት እንዳይጠቁር ብላ በዚያ ጉልበቷ ብረት ተሸክማ ስትቆም ከርማለች።

እማዬ ጉንጭሽን ትስማለች። ስለ ጥርሱ እንዳልጽፍ ለምናኛለችና በስልክ አታንሺባት። ባለቤቴ ሰላም ትልሻለች። ባልሽን ሰላም በይልኝ፤ ትልቋንም ትንሹንም ሳሚልኝ።

ነገ፦ ሱቅ አይከፈትም። እማዬን ጥርስ ሠሪው ዘንድ ወስዶ የታችኛውን ማስሞረድ። ሲመለሱ የተፈጨ ሥጋ መግዛት።