ስምሪት ነው፣ ንጂ

ሐሙስ፣ መጋቢት 12፣ ከቀኑ ሰባት ሰዓት ተኩል
ከተዘጋው ድልድይ አጠገብ፣ ከመኪናው ጋቢና ውስጥ

ይድረስ ለታናሽ እህቴ፤

እንዴት ነሽ? ባለቤትሽና ልጆቹ እንዴት ናቸው? እኔ ደህና ነኝ ልበል፤ ወገቤ ግን ቀድሞኝ አርጅቷል። ደብዳቤሽን ጋራዥ ውስጥ ሰጡኝ። የእጅ ጽሑፍሽን ሳይ ልቤ ዘለለ። ስድስት ዓመት ከዘጋሽኝ በኋላ እንታረቅ ልትይኝ ነው ብዬ ከፈትኩት። ለካ ስለ መኪና ልትጠይቂኝ ኖሯል! ይሁን፤ ከጠላትም ምክር ይወሰዳል።

ፊደሌ ቢንጋደድ አትሳቂ። አንቺ በሰባት ዓመትሽ የጨበጥሽውን እርሳስ እኔ በሃምሳ ስምንት ዓመቴ ነው የጨበጥኩት። ከሁለታችን አንዳችን ቤት መቅረት ነበረብን፤ ማን እንደቀረ ታውቂያለሽ።

ከባለቤትሽ ጋር ሥራችሁን ለቃችሁ በአስቸኳይ ጭነት ልትሰማሩ ነው፤ ሰኞ ውል ትፈርማላችሁ። «የራሳችን ጌቶች እንሆናለን» ብለሻል። እዚህ ላይ ሳቄ ሊያመልጠኝ ሲል አፌን በእጄ ያዝኩ። ሰውዬው፣ ባሌ፣ ከኋላዬ ባለው አልጋ መጋረጃው ውስጥ ተኝቷል። ድልድዩ ጥገና ላይ ነው፤ አሥር ሰዓት ላይ ይከፈታል ብለውናል። እስከዚያ የማውቀውን ልንገርሽ። ከጠዋት ጀምሮ ለማንም ያልነገርኩት ሌላ ነገርም አለ፤ እደርስበታለሁ።

ጌታሽ ስልክ ነው። ጭነት የሚያድሉት የስምሪት ሰዎች «ዝግጁ ናችሁ?» ሲሉ «ዝግጁ ነን» ካልሽ፣ በሩብ ሰዓት ውስጥ መሪ ላይ ነሽ። ፀጉርሽ ሳሙና ላይ ቢሆንም በሳሙናው ትሄጃለሽ። እኔ ሄጃለሁ፤ መቶ ኪሎ ሜትር ላይ ደርቆ ቆብ ሆነልኝ። አይሆንም ማለት ይቻላል ይሉሻል፣ እውነት ነው ይቻላል። ሦስቴ አይሆንም ካልሽ ግን ከዝርዝሩ ግርጌ ትወርጃለሽ፤ ከዚያ በኋላ ማንም የማያውቀው ሜዳ ላይ አራት ቀን ቆመሽ ስልኩን ታያለሽ።

ጭነቱ ትልቅ እንዳይመስልሽ። ዛሬ ይህን ሁሉ መኪና ይዘን የምንሮጠው ለአንዲት ካርቶን ነው። ውስጧ አንድ የማሽን ጥርስ አለ፤ እሱ ተሰብሮ ፋብሪካው ቆሟል። ባዶው ጭነት ቤት ውስጥ ካርቶኗ እንደ ሙሽራ ብቻዋን ታስራ ተቀምጣለች። ከመጫንሽ በፊት የምታራግፊበትን ቦታ ጠይቂ፤ ከዚያ ወዲያ ጭነት ከሌለ ባዶሽን ነው የምትመለሺው። መኪና ከመግዛታችሁም በፊት አንድ ዓመት በሰው መኪና ሥሩ። ይህን ምክር ለእኔ የሰጠኝ አልነበረም።

ደግሞ «ከባሌ ጋር አብሬ ልውል» ብለሻል። አዬ እህቴ! አልጋው አንድ ነው፤ አንዱ ሲነዳ አንዱ ይተኛል። ስድስት ዓመት አልፎታል፣ እኔና እሱ አብረን አንድ ትራስ ላይ ጋደም ብለን አናውቅም። ገና የሞቀ ቦታውን ነው የምወርሰው። ስንጣላ ደግሞ የሚወጣበት በር የለም። በሰማንያ ፍጥነት እየሄድሽ አኩርፈሽ የት ትገቢያለሽ?

አሁን የእናታችንን ነገር ልንገርሽ። ያን ጊዜ ከቀብሯ በኋላ ስደርስ በሩ ላይ ቆመሽ «ምን ልትሠሪ መጣሽ? አፈሩ እንኳ ደርቋል» አልሽኝ።

«መልእክቱ ዘግይቶ ደረሰኝ» አልኩሽ።

«ባልሽ ማንበብ ተወ?»

እሱ ዘግይቶ ደረሰ ብሎኝ ነበር፤ እኔም አምኜው ነበር። ፊደል የማያውቅ ሰው የተነገረውን ከማመን ሌላ ምን አለው? ለመንጃ ፈቃዱ እንኳ የመንገድ ምልክት በሥዕል እያሳዩ ነው የፈተኑኝ።

ግን ያ ነገርሽ እንደ እሾህ ተሰክቶ ቀረ። አንዲት የማደያ ሠራተኛ የፊደል ገበታ ሰጠችኝ፤ ጋቢናው የፀሐይ መከላከያ ላይ ለጠፍኩት። መኪና በቆመ ቁጥር አንድ ሁለት ፊደል እለቅም ነበር። ሰውዬው «በእርጅናሽ ሚኒስትር ልትሆኚ ነው?» እያለ ይስቅብኝ ነበር። ሁለት ዓመት ፈጀብኝ። ማንበብ ስችል መጀመሪያ የከፈትኩት ስልኩ ላይ የቀረውን ያንቺን የቆየ መልእክት ነው። «እማዬ ደክማለች፤ ስምሽን ትጠራለች፤ ድረሺ» ይላል። ከሥሩ ቀንና ሰዓት አለ፤ ረቡዕ ጠዋት። ያን ሰዓት መሪው ላይ እኔ ነበርኩ። ስልኩ ሲጮህ «ማነው?» አልኩት። አየና «ስምሪት ነው፣ ንጂ» አለኝ። እኔም ነዳሁ። የነገረኝ ሐሙስ ማታ፣ ዕቃውን አስረክበን ከፈረምን በኋላ ነው።

ያን መልእክት ማንበቤን እስከ ዛሬ አልነገርኩትም። ለምን አልተውሽውም ትይኝ ይሆናል። ውላችን የሁለት ሾፌር ነው፤ አንዳችን ከወረድን ሌላውም ይወርዳል። ቤታችንን ለቀናል፤ ብወርድ የምወርደው አስፋልት ላይ ነው።

ዘመን ይገለበጣል። አሁን እሱ ዓይኑ ደክሞ ሩቁን እንጂ ቅርቡን አያይም፤ ስልኩን እኔ ነኝ የማነብለት። ዛሬ ሦስት ሰዓት ላይ እሱ ተኝቶ እኔ ስነዳ መልእክት ገባ፤ ጥግ ይዤ አነበብኩት። ከወንድሙ ልጅ ነው። «አጎቴ፣ አባባ ዛሬን አያድርም ብለዋል ሐኪሞቹ። አንተን እየጠየቀ ነው» ይላል። ታላቅ ወንድሙን ታውቂያለሽ፤ አባትም እናትም ሆኖ ያሳደገው እሱ ነው። ወደ ከተማቸው የሚወስደው መገንጠያ ሃያ ደቂቃ ይቀረው ነበር። የመንገዱ ታፔላ ላይ የከተማውን ስም ጥርት አድርጌ አነበብኩት። አነበብኩትና አለፍኩት።

ቂም ነው እንዳትይኝ። ቂምም አለበት፣ አልዋሽሽም። ግን እጄን መሪው ላይ የያዘው ሌላ ነው። ካርቶኗ ትዘገያለች፣ ከዝርዝሩ ያስወጡናል፣ መኪናው በዕዳ ይወሰድብናል፤ ያሰብኩት ይህንን ነበር። የአንድ ሰው ነፍስ ባንድ ወገን፣ አንድ የማሽን ጥርስ በሌላ ወገን፣ እኔ ደግሞ ኪሎ ሜትር እቆጥራለሁ። ያን ረቡዕ እሱም እንዲሁ ሲቆጥር ነበር ማለት ነው። ይቅር አላልኩትም፤ ግን ገባኝ። እንዳይገባኝ ብዬ ኖሬ ነበር።

ይህን ደብዳቤ ስጀምር «ስጨርስ እቀሰቅሰዋለሁ» ብዬ ነበር። ለዚህ ነው ያስረዘምኩት።

አሁን ስልኩ እንደገና ጮኸ። አልከፈትኩትም። መጋረጃው ተነቃነቀና «ማነው?» አለኝ።

«ስምሪት ነው፣ ተኛ» አልኩት። ሳላስበው ነው ከአፌ የወጣው።

ሰኞ አትፈርሚ። መሪ የምትይዢ ጎበዝ ሴት ነሽ፣ እሱን አጥቼው አይደለም። ግን አንቺ እኔን መሆን የለብሽም፤ ባለቤትሽም እሱን። ፈጣሪ ሌሊትሽን በገዛ አልጋሽ ላይ ያሳድርሽ፤ የሚጠሩሽ ሰዎች ድምፅ በሰዓቱ ይድረስሽ። የእናታችንን ነገር እንደፈለግሽ አድርጊው፤ እኔ እውነቱን ሰጥቼሻለሁ።

ታላቅ እህትሽ

ድልድዩ ተከፈተ። መንዳት የእሱ ተራ ነበር፤ «ተኛ፣ እኔው እነዳለሁ» አልኩት። «ዛሬስ ምን ተገኘ? ደግ ሆነሽብኛል» አለና ዞሮ ተኛ።