ያልተቀመሰው የሎሚ ብስኩት

ለጣውንቴ፤

አሰላሙ ዐለይኪ። ሰላምታ ማቅረብ ሱና፣ መመለስ ግን ዋጂብ፣ ግዴታ ነው። እኔ የእኔን አቅርቤያለሁ፤ ያንቺን ከአላህ ጋር ተነጋገሪበት። ለጤናሽ እንዴት ነሽ? እናትሽስ? ጨጓራቸው ተሻላቸው? እኔ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ። ባላችንም ከመክሳቱ በቀር ደህና ነው። የከሳው በአንቺ ናፍቆት እንዳይመስልሽ፤ እኔ ሳላናግረው ስለምውል ምግቡ አልዋጥ ብሎት ነው። ከሚሴም እንዳለች ናት፤ ሙቀቱ ይብሳል፣ መብራቱ ይጠፋል።

ለምን አትደውይም እንዳትዪ፣ ደውዬ ነበር። ስልክሽን እናትሽ አነሱት። ድምፁን ለሰው ሁሉ ከፍተውት ኖሮ ከጀርባቸው የሳሉትን ሴቶች ስሰማ ግማሹ ሰፈር አብሯቸው እንደተቀመጠ ገባኝ። ስለዚህ ጻፍኩ። ይህን የሚያደርስልሽ ባላችን ነው፤ ሰኞ ለፍየል ገበያ ባቲ ሲወርድ። በፕላስተር አሽጌዋለሁ። ተከፍቶ ከደረሰሽ ላኪልኝ፣ የማደርገውን አውቃለሁ።

ነገር ከሥሩ፣ ውሃ ከጥሩ ነው። ወደዚህ ቤት ስትገቢ እሺ ያለው ማን እንደነበር ታውቂያለሽ። ባላችን ሁለተኛ ላግባ ብሎ ሽማግሌ ሲልክብኝ አልጮህኩም፣ ዘመድ አልሰበሰብኩም። በዚህ ግቢ ልጅ ይሩጥበት ብዬ እሺ አልኩ። ለዓይንሽ ውበት አልነበረም። ዓመት ሙሉ ከሰላምታ በቀር ቃል አልተለዋወጥንም፤ አንቺ በጓዳሽ፣ እኔ በጓዳዬ። ያናገረን ያ ከጅዳ ተምረሽ ያመጣሽው የሎሚ ብስኩት ነው። ሽታው እኔ ጋ ሲደርስ መጣሁና አንዱን ነክሼ ይመራል አልኩሽ። ልጣጩን ስትፈቀፍቂ እስከ ነጩ ድረስ ትገቢ ነበር። ቢጫው ላይ ብቻ ማቆም እንዳለብሽ ያሳየሁሽ እኔ ነኝ፤ እናትሽ ይህንንም ረስተውት ይሆናል።

ከዚያ በኋላ አብረን ለትእዛዝ ጋገርን። ሊጡን በገበታ ቅቤ አሽተን፣ መሃሉን በአውራ ጣት ጎድጎድ አድርገን፣ እኔ የሎሚውን ክሬም በአስኳልና በስታርች አወፍሬ እሞላለሁ፤ አንቺ የእንቁላሉን ነጭ በስኳር እስኪቆም ትመቺና ከላይ ትከምሪያለሽ። አረፋሽ አንድም ቀን አልወረደም። ይህን የምጽፈው እውነት ስለሆነ እንጂ ላሞግስሽ አይደለም።

ረመዳን ሲገባ ሕጋችን አንድ ነበር። ማታ መብራት ስለማይታመን የምንጋግረው ቀን ነው፤ ቀን ደግሞ አፋችን ዝግ ነው። በምላስ ጫፍ ቀምሶ መትፋት እንደሚቻል ሸሁ ነግረውናል፤ እኛ ግን አንደፍርም። ሎሚ ምራቅ ይጠራል፣ መች እንደተዋጠ አይታወቅም። እንዳናስቀምስ ደግሞ በግቢያችን ልጅ የለም። ስለዚህ ከሁለታችን የወር አበባዋ መጥቶ ጾሙ የተነሳላት እሷ ትቀምሳለች። ሁለት ረመዳን በዚህ አለፍን፣ አንድ ትሪ አልተበላሸብንም።

ዘንድሮ የእኔ ተራ ሳይደርስ ወሩ ተጋመሰ። ያንቺንም ስጠብቅ ዘገየ። እስከዚያ ትእዛዙ ትንሽ ስለነበር ከመግሪብ በኋላ ጾም ፈትተን እየቀመስን እናስረክብ ነበር። በመጨረሻው ሳምንት ትክ ብዬ ሳይሽ፣ መጣብኝ አልሽ። ተመስገን አልኩ። የእትዬ አሻ ትእዛዝ ከፊታችን ነበርና። የልጇ የፋይዛ እጮኛ ቤተሰቦች ለዒድ ሊመጡ፣ እሷ ደግሞ ብስኩቱን በዋዜማው በዐስር ሰዓት ሶላት ላይ ልትወስድ።

ስኳሩን ለአረፋሽ ብለሽ እንደ ዱቄት ታስፈጪዋለሽ። የተፈጨ ስኳርና የደቀቀ ጨው በአንድ ዓይነት ጣሳ ነው ያለው። ተሳስቼ ጨውን ወደ ክሬሙ የጨመርኩት እኔ ነኝ፣ አልክድም። ቀማሽ የሚያስፈልገው ደግሞ ለዚህ ነው። ማንኪያውን ሰጠሁሽ። ፊትሽን ወደ መስኮቱ አዞርሽ፣ ማንኪያውን ከንፈርሽ ላይ አስደገፍሽ፣ ምላስሽን አጮኽሽና ልክ ነው፣ እንዲያውም ዘንድሮ በልጧል አልሽኝ። ምላስሽን ማጮኽሽ ነው የሚያንገበግበኝ። ዝም ብለሽ ብትዋሺ ይሻል ነበር።

ብስኩቱ እኮ ሲያዩት ያምር ነበር። ጫፉ ጠየም ብሎ፣ አረፋው ቀጥ ብሎ ቆሞ፣ ሰው እንዳይነካው እስኪያሳሳ ድረስ። መጀመሪያ የጎረሱት የሙሽራው አጎት ናቸው፤ እሳቸው ደግሞ ደም ግፊት አለባቸው። አክስትየዋ መሀረቧ ላይ ተፍታ፣ ልጃችሁን አንሰጥም ለማለት ከሆነ በአፋችሁ አትነግሩንም ነበር ወይ አለች አሉ። እትዬ አሻ ትሪውን ተሸክማ ደጃችን መጣች። ሂን ቃኖፍቱ፣ አታፍሪም ወይ እያለች፣ ኦሮምኛው ሲያልቅባት በአማርኛ፣ አማርኛው ሲያልቅባት በኦሮምኛ አወረደችብኝ። ሰፈሩ በዒድ ልብሱ ወጥቶ ሰማ። አንቺ ከበሩ ጀርባ ነበርሽ። ጉልበቷን ይዤ ይቅርታ የለመንኩት እኔ ነኝ።

ስገባ አንዱን ብስኩት ነከስኩና ቀምሰሽው ነበር ወይ ብዬ ጠየቅኩሽ። አለቀስሽ። ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም ይላሉ፤ አንቺ ያለ አንጀትሽም ይፈስልሻል። በማግስቱ ሻንጣሽን ይዘሽ ወደ እናትሽ። አልሸሹም ዞር አሉ፤ ባቲ እንደሆነ የት ይደርሳል።

ከዚያ ባላችንን ያዝኩት። እራት አቅርቤለት ፊቱ ስቀመጥ ሳልጠይቀው ዘረገፈው። ሦስት ወሯ ነው አለኝ። ጾሟን አንድ ቀን አልፈታችም፣ መጣብኝ ያለችሽ እንዳታውቂባት ነው አለኝ። እናቷ ሆዷ እስኪገፋ ለማንም እንዳትነግር፣ ለአንቺማ በፍጹም፣ የመካን ዓይን ይከብዳል ብለዋታል አለኝ። ይህን ሲል ወጡን ነበር የሚያየው።

የመካን ዓይን። ዓይኔ እንደዚያ የሚሠራ ቢሆን ኖሮ የእናትሽ ቤት እስካሁን ቆሞ አይገኝም ነበር። እኔ ልጅ ይምጣ ብዬ ባሌን ያካፈልኩ ሴት ነኝ። ለአንቺ ማህፀን ስንት ጁምዓ ዱዓ አስደርጌያለሁ። ዱዓዬ ተሰምቶ ኖሯል፤ መሰማቱን ያላወቅኩት እኔ ብቻ ነኝ። ከሞኝነቴ ይልቅ ይህ ነው ያቃጠለኝ። ደግሞ እርጉዝን ማን ጹሚ አላት? በዚያ ሙቀት ኦቭን ፊት ቆመሽ ውሃ ሳይነካሽ ስትውዪ አንድ ነገር ብትሆኚ፣ ማን በላው ሊባል ነበር? እኔ።

ባለፈው ሳምንት ጤና ጣቢያ ሄጄ ነበር። በአንቺ ጉዳይ አይደለም፣ በራሴ ነው። የእኔ ተራ ከረመዳን በፊት፣ ከሻዕባን ጀምሮ ቀርቶ ነበር፤ ለማንም ሳልናገር ነው ረመዳንን የጾምኩት። ሊጥ እያሸሁ ብቻዬን ስስቅ አይተሽኝ ምን አገኘሽ ብለሽኝ ነበር። አልመለስኩልሽም፤ እስኪረጋገጥ ብዬ ነው። ነርሷ ነዋል ብዙ አልጠየቀችኝም። መረመረችኝ፣ ዕድሜዬን ጠየቀችኝ፣ ከዚያ እጄን ይዛ፣ የሚጠበቅ የለም፣ የዕድሜ ነው አለችኝ።

በሩ ጋ ከደረስኩ በኋላ ተመልሼ ስለ አንቺ ጠየቅኳት። የመምቻውን ጎድጓዳ ሳህን እንደምትልሺ ነገርኳት። ጥሬ እንቁላል ለእርጉዝ አይሆንም አለች፤ ስለዚህ ያን ልማድሽን ተዪው። እናትሽ ቤት መምቻ ባይኖርም አንቺ ከመላስ አትመለሺም። ጠዋት ጠዋት ያስመልስሻል ብሎ ባላችን ስለነገረኝ ሎሚ ልኬልሻለሁ። አስቤልሽ አይደለም፤ ከምንጋግረው ተርፎ ሊበላሽ ነበር።

ባቲ ወልደሽ ባቲ እንደምታሳድጊ ለባላችን ነግረሽዋል አሉ። ሞክሪው። ነይ አልልሽም፤ በሄድሽበት እግርሽ መመለስ ያንቺ ፋንታ ነው። ይቅር ብዬሻለሁም አልልሽም፣ አላልኩምና። ከመጣሽ ግን ክፍልሽ ተጠርጓል። የዓይኔ ነገር ካስፈራቸው እናትሽ አብረው ይምጡና በሻሽ ይሸፍኑኝ። ተሸፍኜም ቢሆን ሕፃን ማጠብ አያቅተኝም።

እትዬ አሻ ሰርጉን ለመጪው ረመዳን ዋዜማ ቆርጣለች። ትእዛዙን ለሌላ ልትሰጥ ነበር፤ ሄጄ ለምኜ አስመልሼዋለሁ። ከዚያ ወሩ ይገባል። አንቺ አጥቢ ትሆኛለሽ፣ ጾሙ ካልቻልሽ ይነሳልሻል። ስለዚህ የምትቀምሺው አንቺ ነሽ። ከእንግዲህ ሁልጊዜም አንቺ ነሽ፤ የእኔን ተራ አትጠብቂ። እኔ ወሩን ሙሉ ጿሚ ነኝ።

አላህ በሰላም ይገላግልሽ። ከክፉ ሁሉ፣ ከሰው ዓይንም፣ ይጠብቅሽ። አሚን በይ፤ የእኔም ዱዓ ዱዓ ነው።

ጣውንትሽ
ከሚሴ