ቀይ ቤት ላይ ያረፈ ይመታል

እሑድ

በዚህ የወደብ ከተማ የሥራ ሳምንት እሑድ ይጀምራል። አቶ ሙሉጌታ "አንድ ጨዋታ ሥራልን" አሉኝ። ሥራ አስኪያጅ ስለሆኑ አልሳቅሁም። ኩባንያዎች የራሳቸውን የሰሌዳ ጨዋታ እያሠሩ ሠራተኛ እንደሚያቀራርቡ ስልካቸው ላይ አይተዋል። "አንተ መጽሐፍ ታነባለህ፤ አያቅትህም።"

በትራንዚት ቢሯችን መቀራረብ ያለባቸው ሁለት ሰዎች ናቸው፦ ሰነድ የምታዘጋጀው ትርንጎና መኪና የሚያሰማራው ሐሰን። በክሊሙ፣ በማቀዝቀዣው ሪሞት ተጣልተው ሁለት ወር ሆናቸው። እሱ አሥራ ስምንት ይላል፣ እሷ ሃያ ስድስት። እኔ መሃል ተቀምጬ መልእክት አመላልሳለሁ። "ለዚያ ሰውዬ ሰነዱ ደርሷል በለው።" ሰውዬው ሁለት ሜትር አይርቅም።

እስከ ሐሙስ ካልታረቁ አቶ ሙሉጌታ አንዳቸውን ጋላፊ፣ ድንበሩ ጣቢያ ይመድባሉ። ትርንጎ ልጇን ብቻዋን ነው የምታሳድገው፤ የልጅቷ ትምህርት ቤት እዚህ ነው። ሐሰን እናቱን ያስታምማል። ሁለቱም ያውቃሉ፤ ሁለቱም ሪሞቱን አይለቁም።

ሰኞ

ያለኝ፦ የአምና የመርከብ ካላንደር ጀርባ፣ አራት ቆርኪ፣ ከካርቲየ ሰባት ገበያ የገዛሁት ዳይስ።
የሌለኝ፦ ተስፋ።

የሰሌዳው መንገድ ከወደብ ይነሳል። "ክሬን ተበላሸ፤ አንድ ዙር እረፍ።" "ማኅተም ጎደለ፤ ሦስት ቤት ተመለስ።" ፈጠራ አላስፈለገኝም።

ረቡዕ

ሐሰን ሰሌዳውን አየ። ድሬዳዋ ስላደገ አማርኛው ከኔ ይሰላል። "ወላሂ ይሄ ሥራ ነው! ጨዋታው የታለ?"

ትርንጎ፦ "ለሰውዬው እውነቱን ነው በለው።"

አልኩት።

ሐሙስ

ከጫት ሰዓት በፊት ተጀመረ። እኔና አቶ ሙሉጌታ ባንድ ወገን፣ ሁለቱ በሌላው። ዳይሱን እንኳ በኔ በኩል ነበር የሚቀባበሉት።

ከዚያ ቆርኪያቸው ቀይ ላይ አረፈ። ደንብ አራት፣ በእጄ ጽሑፍ፦ "ቀይ ቤት ላይ ያረፈ ይመታል፤ የተመታ ወደብ ይመለሳል።"

"ተመታችሁ" አልኩ።

"ማን?" አለች ትርንጎ። "ይመታል ነው የሚለው። እኛ ነን መቺዎቹ!"

እኔ አጥብቄ ጽፌዋለሁ፤ እሷ አላልታ አነበበችው። ፊደላችን ደግሞ ለዚህ ምልክት የለውም። ሐሰን ወደ እሷ ዞረ፦ "ትርንጎ፣ እስቲ ድገሚለት።" ሁለት ወር ሙሉ ስሟን ጠርቶ አያውቅም። ደገመችልኝ። እሱም ደገመልኝ። "ደራሲ ነኝ ብለህ ነው?" አለኝ። "ሐሰን፣ ተወው፣ ያነበበው ብዙ ነው የገባው ትንሽ" አለች። የጫት ነጋዴዋ ለሐሰን ሁለቴ ደወለች፤ ስልኩን አላነሳም።

ልክ መሆናቸው ከገባኝ ቆይቷል። ግን ገግሜ ሃያ ደቂቃ ተከራከርኩ። በሕይወቴ እንዲህ በደስታ ተሰድቤ አላውቅም።

አቶ ሙሉጌታ ጨዋታው ሳያልቅ ተነስተው ወጡ። ይህ አላማረኝም።

እሑድ

ጠዋት አቶ ሙሉጌታ ከስብሰባ የቢሮው ግሩፕ ላይ ጻፉ፦ "ጋላፊ ይቀራል።" ስልካቸውን ዘጉ።

"ቀርቷል ማለታቸው ነው" አለች ትርንጎ።

"ገና ይቀራል፣ አላለቀም ማለታቸው ቢሆንስ?" አለ ሐሰን።

ሁለቱም ወደ እኔ ዞሩ። ይህኛው ቢያጠብቁትም ቢያላሉትም ትርጉሙ ሁለት ነው፤ አላውቅም አልኩ።

"ይሄንን ደግሞ ማን ይጠይቃል" አለች ትርንጎ ወደ እኔ እያመለከተች። "ና፣ ሐሰን፣ ራሳቸውን እንጠይቃቸው።" ስብሰባው ከተማው ሌላ ጫፍ፣ ፕላቶ ዱ ሰርፓን ሰፈር ነው፤ በዚህ ፀሐይ አብረው ወጡ።

እስካሁን አልተመለሱም። ሪሞቱን ጠረጴዛዬ ላይ ትተውታል። ሃያ ሁለት ይላል። እኔ አልነካሁትም።