ዘውድነሽ ያመጣችው የማር ዳቦ

ውድ ባለቤቴ ታዬ፣

ከተለየኸኝ ዓመት ሊሞላ ነው። ደህና ነኝ እንዳልልህ ውሸት እንደማልችልበት ታውቃለህ። ቤቱ እንዳለ ነው፤ ልጅህ ሜሮን ብቻ ወንበርህን ወደ መኝታ ቤቷ ወሰደችው። ብቆጣት በእንግሊዝኛ መለሰችልኝ። አንተ ብትኖር ትስቅብኝ ነበር።

ዛሬ የምጽፍልህ ግን ለናፍቆት ብቻ አይደለም። የምጠይቅህ ነገር አለኝ።

ያ ጅቡቲ በፈረንሳዊው ዳቦ ቤት ስትሠራ የተማርከው፣ እንቁላልም ቅቤም ስለሌለበት በጾም የምትጋግርልን የማር ዳቦ አለ አይደል? ማሩን አሙቀህ፣ ራይ ከሚሉት ጥቁር ዱቄት ጋር አሽተህ፣ ሸፍነህ ለቀናት ታስቀምጠዋለህ። ኮረሪማውን የጨመርክበት አንተ ነህ። አንዴ እርሾ የረሳህ መስሎኝ ከእንጀራዬ እርሾ ጠብ ባደርግበት ከኩሽና አባረርከኝ። ከዚያ ወዲህ በር ዘግተህ ነበር የምትጋግረው። አሠራሩን ለሰው አላሳይም ብለህ ምለህልኛል።

ታዲያ በዚህ ሁዳዴ ዘውድነሽ፣ ያቺ እዚሁ ማሪቢርኖንግ ሰፈር የምትኖረው ባሏ የሞተባት፣ በፎይል የተጠቀለለ ዳቦ ይዛልኝ መጣች። ቆርሼ ብቀምሰው ያንተው ነው። የኮረሪማው ልክ እንኳ ያንተው ነው። የቀረውን በፎይሉ መልሼ ጠቀለልኩት።

ምን ልበልህ፣ ያን ሰሞን ያላሰብኩት የለም። እኔ ከተማ ቢሮ ሳጸዳ አንተ የት ታመሽ እንደነበር ማውጣት ማውረድ ጀመርኩ። ፉትስክሬይ ሐበሻ ሱቅ በርበሬ ልገዛ ስገባ ሰዎች ድምፃቸውን ዝቅ ያደረጉ መሰለኝ። ቤተ ክርስቲያን ዘውድነሽ ሰላም ስትለኝ ፊቷን አያለሁ፤ እሷ ደግሞ ዓይኗን ትሰብራለች። በሞተ ሰው መቅናት ያሳፍራል፤ እኔ ግን ቀናሁ።

በመጨረሻ ቤቷ ሄጄ ፊት ለፊት ጠየቅኋት። አቀርቅራ ነገረችኝ። ከመሞትህ ወራት ቀደም ብሎ መጥተህ፣ እኅቷም ባለችበት፣ አሠራሩን አሳየሃት። «እኔ ስሄድ አስናቀች እህል አልቀምስም ትላለች፣ ይህን ግን እምቢ አትልም» ብለሃት ነበር።

ያን ጊዜ እኔ መታመምህንም አላውቅም። ዘውድነሽ ታውቃለች፣ እኅቷ ታውቃለች፣ የነፍስ አባታችን ያውቃሉ፣ ሜሮን እንኳ ታውቃለች። ክፉ ወሬ ለቅርብ ሰው ቀስ ተብሎ ነው የሚነገረው ብላችሁ፣ እንደ ወጋችን፣ ሁላችሁም ደበቃችሁኝ። እኔ የሰማሁት ሆስፒታል ከተኛህ በኋላ ነው።

ሌላ ሴት ብትይዝ ይሻለኝ ነበር ልል ምንም አልቀረኝም። ለምን አልነገርከኝም? ብትነግረኝ ሺፍቴን ካንስል አድርጌ አጠገብህ እቀመጥ ነበር። እኔ ግን ሳላውቅ፣ ደክሞኛል ስትለኝ ሻይ አፍልቼልህ ወደ ትራሙ እሮጥ ነበር።

ትናንት ዳቦውን እኔው ጋገርኩት። ዘውድነሽ አጠገቤ ቆማ አሳየችኝ። ከሥሩ ትንሽ አረረብኝ፤ ቢሆንም በላነው። እሷ ስትሄድ ግን ሌላስ ምን ደብቆኝ ይሆን እያልኩ የኮትህን ኪሶች ፈተሽኩ። ባዶ ናቸው። ያም አላሳመነኝም።

ተቀይሜሃለሁ ታዬ። ስምህን ሳልጠራ የማድርበት ቀን ግን አይኖርም፤ ይቅር እስክልህ ድረስ፣ ይቅር ካልኩህም በኋላ።

ባለቤትህ አስናቀች