የወንደላጤዎቹ መሳቢያ

ውድ እትዬ፣

ይህን ደብዳቤ ቆመሽ እንዳታነቢው። ተቀመጪ። ጫማሽንም አውልቂና አጠገብሽ አድርጊው፤ ስትጨርሺ መወርወር ያምርሻል፣ እኔ ደግሞ እንደ ድሮው በቅርብ የለሁልሽም።

ታስታውሺያለሽ አይደል? አባትሽ ማተሚያ ቤት በተቀጠርኩ በወሩ፣ ጓሮ ፀጉርሽን ስትታጠቢ፣ በጋሼ ድምፅ «ነይ እስቲ ልጄ፣ ቶሎ በይ!» ብዬ ጠራሁሽ። «አቤት አባዬ!» ብለሽ አረፋው ዓይንሽ ውስጥ እየገባ እየሮጥሽ መጣሽ። ወረቀት መቁረጫው ጋ የቆምኩት እኔ ብቻ ነበርኩ። ጫማሽ ጆሮዬን ለጥቂት ስቶ የቀለም ቆርቆሮውን ደፋው። ጋሼ ከውስጥ ወጥተው ሳቁና «ይሄ ልጅ እኮ በቀቀን ነው» አሉ። ስም ሆኖብኝ ቀረ። እናቴ ባወጣችልኝ ስም ዛሬ የሚጠራኝ ሰው ቢመጣ ዞር አልልም።

ያኔ ያሳቀን ነገር ነው ዛሬ ይህን የሚያስጽፈኝ። ሳላዞር ልንገርሽ። ላለፉት አራት ወራት እሁድ እሁድ በስልክ የምታናግሪው ሰው አባትሽ አይደሉም። እኔ ነኝ።

አሁን ወርውሪ። ከወረወርሽ በኋላ ግን ተመለሺና አንብቢ፤ ገና አልጀመርኩም።

ሥራችንን ታውቂዋለሽ፤ አንቺ የምታውቂው ግን የፊት ለፊቱን ነው። ደንበኛ ይመጣል፣ የሠርግ ወይም የልደት ካርድ ያዛል፣ ውስጡ ግጥም ይግባልኝ ይላል፣ ግጥሙም በእንግሊዝኛ ይሁንልኝ ይላል። በገዛ ቋንቋው «እወድሻለሁ» ለማለት የሚያፍር ሁሉ በእንግሊዝኛ ሲሆን አንበሳ ነው። ከጀርባ ደግሞ እንዲህ ነበር የምንሠራው፦ ጋሼ እርሳሳቸውን ነክሰው አንድ ስንኝ ይጽፉና የመጨረሻውን ቃል ወደ እኔ ይጮሃሉ። «ሃርት!» እኔ ደግሞ የመቁረጫው ቢላ ወርዶ ወረቀቱን ሳይነካ፣ ቤት የሚመታለትን ቃል መልሼ መጮህ አለብኝ። «ስታርት!» «ናይት!» «ላይት!» «ሙን!» «ሱን!» ቢላው ከቀደመኝ የዚያን ቀን ወለሉን የምጠርገው እኔ ነኝ።

ትርጉማቸውን አትጠይቂኝ። እኔና ትምህርት ስድስተኛ ክፍል ላይ በስምምነት ተለያይተናል። ቃሉን የማውቀው በጭራው ነው፤ ፊቱን አይቼው አላውቅም። አንድ ጊዜ «ብራይድ!» ሲሉኝ «ዳይድ!» አልኩ። እሳቸውም ያን ቀን ቸኩለው ነበርና ሳያስቡት ጻፉት፤ ሁለት መቶ የሠርግ ካርድ ላይ ሙሽራዋን ገደልናት። «ሞተች» ማለት መሆኑን ያወቅሁት የሙሽራዋ አባት ካርዱን እያውለበለቡ ሲገቡ ነው። ሰውዬው ሰድበውን ከወጡ በኋላ ጋሼ ወለሉ ላይ ቁጭ ብለው እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ።

ረጅሙን የእንጨት መሳቢያ አትረሺውም። በእያንዳንዱ ቁራጭ ወረቀት ላይ አንድ ጥንድ ቃል፤ በጠቅላላው ስልሳ አንድ ጥንድ። ከሥሩ ደግሞ ትንሿ መሳቢያ አለች። ቤት የሚመታላቸው ያጡት ቃላት እዚያ ነው የሚኖሩት፤ ኦሬንጅ፣ ሲልቨር፣ ማንዝ። ጋሼ «የወንደላጤዎቹ መሳቢያ» ይሏታል። «አንተንም አንድ ቀን አጣጥፌ እዚያ ነው የምከትህ» ይሉኝ ነበር፣ ሚስት አታገኝም ሲሉኝ።

ጋሼ የወደቁ ቀን የደወልኩልሽ እኔ ነኝ። ያ የራሴ ድምፅ ነበር፤ እያለቀስኩ ስለነበር ግን የኔ አልመሰለሽም ይሆናል። ከሆስፒታል ሲወጡ ቀኝ ጎናቸው አይታዘዝም፣ ቃል የሚባል ነገር ደግሞ የለም። «ውሃ» እንኳ የለም። ከሱቁ ጀርባ ባለችው ክፍል አስተኛኋቸው። በሦስተኛው ቀን ትራሳቸውን ሳስተካክል፣ እንደው አፌ ለምዶበት፣ «ሃርት!» ብዬ ጮህኩ።

«ስታርት» አሉ።

እትዬ፣ ትራሱን እንደያዝኩ ዘለልኩ። «ናይት!» «ላይት።» «ሙን!» «ሱን።» መሳቢያውን ነቅዬ አመጣሁና ስልሳ አንዱንም አንድ በአንድ ጠየቅኋቸው። አርባ ሦስቱን መለሱ! በሳምንት ሁለቴ የምትመጣው ነርስ ስትገባ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጬ ስጮህ አገኘችኝ።

«ተናገሩ!» አልኳት። «ስሚማ፦ ዴይ!»

«ስቴይ» አሉ ጋሼ።

ነርሷ አልሳቀችም። «ውሃ ይፈልጉ እንደሆነ ጠይቃቸው እስቲ» አለችኝ።

«ጋሼ፣ ውሃ ላምጣልዎት?»

ጣሪያውን ማየት ቀጠሉ።

«አየህ ወንድሜ፣ ይሄ ንግግር አይደለም» አለች። «ምላስ የለመደው መንገድ ነው። እሳቸው መንገዱ ላይ የሉም።»

«አንቺ ምቀኛ ነሽ።»

«እሺ፣ ምቀኛ ልሁን» ብላ የደም ግፊት መለኪያዋን አወጣች።

የዚያኑ ዕለት ከሰዓት በኋላ ደወልሽ። «አባዬን አገናኘኝ፤ ድምፁን ብቻ ልስማ» አልሽ። ስልኩን ጆሯቸው ላይ አደረግሁላቸው። «አባዬ? አባዬ፣ እኔ ነኝ እኮ» ትያለሽ። «አባዬ» የሚል ቁራጭ መሳቢያው ውስጥ የለም። ዘጠኝ ጊዜ አልሽው። በዘጠነኛው ስልኩን ወደ አፌ አመጣሁና፣ ደከም ባለ የጋሼ ድምፅ፣ «አቤት ልጄ» አልኩ።

ያን ጊዜ የጮህሽው ጩኸት አሁንም ጆሮዬ ውስጥ አለ። ለአንድ ቀን ብቻ ነው ብዬ ነበር። ቀልድ እንደምጀምረው ነው የጀመርኩት፤ ቀልድ ግን የሚያበቃው አንድ ሰው ሲስቅ ነው፣ እኛ ቤት የሚስቅ ጠፋ። እሁድ ከምሳ በኋላ ትደውያለሽ፤ እኔ በጋሼ ድምፅ ስለ ጉልበቴ አማርራለሁ። ፊትህን ልየው ስትዪ «አፌ ተጣሞ አትዪኝ፣ ሲስተካከል» እልሻለሁ። «ያ ሰነፍ በቀቀን ዛሬም አርፍዶ ገባ» ስልሽ «ምናለ ብታባርረው?» ያልሽውንም አልረሳሁም፤ ቂም ይዤብሻለሁ። ጋሼ ሁለት እርምጃ ርቀው ተኝተው የራሳቸውን ድምፅ ይሰማሉ።

ጥንዶቹ ግን ይፋቱ ጀመር። መልስ ያጣሁበትን ቁራጭ ሁሉ ወደ ወንደላጤዎቹ መሳቢያ አዛውራለሁ። አርባ ሦስቱ በሁለተኛው ወር አሥራ ዘጠኝ ሆኑ፣ በሦስተኛው ሰባት። «ሃርት» ማክሰኞ ቀን ሄደ። «ሙን» ከሄደ በኋላ ተመልሶ መጥቶ ሁለት ቀን ቆየና እንደገና ሄደ። ባለፈው ሳምንት አንድ ብቻ ቀረ። ያን ሁሉ ዘመን ስለ ፍቅር ስለ ጨረቃ ጽፈው ጽፈው፣ የተረፋቸው ለአዲስ ቤት ካርድ የሠሩት «ዶር» እና «ፍሎር» ነው። በርና ወለል! እስቲ አሁን ለሰው ወለል ይቀረዋል? ምናለ ጣሪያ እንኳ ቢሆን፣ የሚያዩት እሱን ነው።

ዓርብ ዕለት ሐኪሙ መጥቶ አያቸውና እኔን ወደ ውጭ አወጣኝ። «ወሩን ከጨረሱ ብዙ ነው። ዘመድ ካላቸው ጥራ» አለኝ።

እሁድ ልነግርሽ ቆርጬ ነበር፤ በራሴ ድምፅ። ስልኩን አነሳሁ። «አባዬ!» ስትዪ ጉሮሮዬ በራሱ ጊዜ ወደ ጋሼ ድምፅ ዞረ።

«አባዬ፣ ወረቀቱን ሰጡኝ» አልሽ። «የሁለት ዓመት የሥራ ውል ነው፣ ከፈረምኩ እስኪያልቅ መሄድ አይቻልም፤ እስከሚመጣው ዓርብ ፈርመሽ አስረክቢ ብለውኛል። አንተ ነይ ካልከኝ ግን ጥዬው እመጣለሁ። ልፈርም ወይስ ልምጣ?»

በሩን ከፍተሽ ስትገቢ ታየኝ። አልጋውን ታያለሽ፣ ከዚያ ዞረሽ እኔን ታያለሽ። እትዬ፣ ፈራሁሽ። ሌላ ምክንያት አልፈልግለትም፤ ፈራሁሽ። «ፈርሚ ልጄ፣ እኔ ደህና ነኝ» አልኩሽ።

«እሺ አባዬ፣ አንተ ካልክ» አልሽ።

ስልኩን ዘግቼ ጋሼን ዞር ብዬ አላየኋቸውም።

ከዚያ ወዲህ ሦስት ጊዜ ልደውል ስልኩን አንስቼ መልሼ አስቀምጫለሁ፤ አፌን አላምነውም። ብዕር ግን የሰው ድምፅ ማስመሰል አይችልም። ደብዳቤውን አንቺ ካለሽበት ከተማ የወረቀት ጭነት የሚያመላልሰው ሹፌር ሐሙስ ያደርስልሻል። «ምን አለበት?» ካለኝ «ቦምብ» ልለው ነው፤ ይስቅና ኪሱ ይከተዋል። መኪናው በዚህ ወር ብቻ ሁለት ጊዜ መንገድ ላይ ቆሞበታል፤ እንግዲህ ዓርብን ቀድሞ ከደረሰሽ አትፈርሚ። ቀድመሽ ፈርመሽ ከሆነም የፈረምሽው በእኔ ቃል ነው፤ አባትሽ አላሉሽም። ይህን በሄድሽበት ሁሉ ያዢው።

ከመጣሽ አልጋው አጠገብ ተቀመጪና «ዶር» በያቸው። ከዚያ ጠብቂ። ድምፃቸውን ትሰሚያለሽ፤ እውነተኛውን።

እስከዚህ የጻፍኩት ትናንት ነው። እዚህ ላይ ፈርሜ ላሽገው ነበር።

ዛሬ ጠዋት ፊታቸውን አጥቤ፣ ሻዩን አቅርቤ፣ «ዶር» አልኳቸው። ጠበቅሁ። ሻዩ ቀዘቀዘ። «ዶር፣ ጋሼ።» ከንፈራቸው ንቅንቅ አላለም። «ዶር፣ በሞቴ!» ብዬ እንደ ወረቀት መቁረጫው ጊዜ ጮህኩ። ምንም። ስልክ ሳይደወል፣ የሚሰማ ሰው ሳይኖር፣ በእሳቸው ድምፅ «ፍሎር» አልኩ።

ዞረው አዩኝ። ከወደቁ ወዲህ ጣሪያውን እንጂ ሰው አያዩም ነበር። የተሰረቀበትን ኮት ለብሶ የሚሄድ ሌባ መንገድ ላይ ያገኘ ሰው እንደሚያይ ነው ያዩኝ። ከዚያ ደህናዋን ግራ እጃቸውን ቀስ ብለው አነሱና አፌ ላይ ጫኗት። «ዝም በል» ይሁን «አይዞህ» ይሁን አላውቅም። አራት ወር ሙሉ እያጠብኩትም እጃቸው አሁንም የማተሚያ ቀለም ይሸታል። ነርሷን ብጠይቃት «ጡንቻ ነው፣ በራሱ ይንቀሳቀሳል» ትለኛለች። አልጠይቃትም።

«ዶር»ን ወደ ወንደላጤዎቹ ከተትኩት። ትንሿ መሳቢያ ሞልታ አልዘጋ አለች። ረጅሙን ደግሞ እንደ ልማዴ በኃይል ስስበው ባዶ ሆኖ ቀለለኝና ከነመሳቢያው በጀርባዬ ወደቅሁ። ሳቂ፤ ያስቃል። ጋሼ ግን አልሳቁም።

ስለዚህ ከላይ «ድምፃቸውን ትሰሚያለሽ» ያልኩሽን ሰርዢው። እኔ ያልሰረዝኩት፣ ትናንት እንዲያ ብዬ አምኜ እንደነበር እንድታውቂ ነው። ተስፋ ልሰጥሽ አልጽፍልሽም፤ እዚህ ያደረሰን የሰጠሁሽ ተስፋ ነው። ብትመጪ የሚመልሱልሽ አንድም ቃል የለም። ያቺ ግራ እጅ ግን አለች፤ እስከ መቼ እንደሆነ አላውቅም። የጓሮውን በር ቀንም ማታም አልቆልፈውም።

እሁድ ከደወልሽ የማነሳው በራሴ ድምፅ ነው። ብዙም ሰምተሽው አታውቂም፤ ቀጭን ነው፣ ሲፈራ ይንቀጠቀጣል። «ማን ልበል?» ብትዪኝ አልቀየምሽም።

ጫማሽን ቆሞ የሚጠብቀው፣
በቀቀኑ