የእማማ እታለም ሁለት ጡቦች

ፍኖተ ሰላም፣ ጥር ፳፬ ቀን ፲፱፻፷፩ ዓ.ም.

ውድ እማማ እታለም፣

እንደምን ሰነበቱ ብዬ ብጠይቅዎ የሚሉኝን አውቀዋለሁ፤ «ወገቤ ነው እንጂ እኔስ ደኅና ነኝ» ነው። እኔም ተመስገን ደኅና ነኝ። ይህን የምጽፍልዎ አልጋዬን ሸጬ፣ መጻሕፍቴን ጠቅልዬ፣ ባዶ ክፍል ውስጥ ሣጥን ላይ ተቀምጬ ነው። ነገ ጠዋት በአውቶቡስ እሄዳለሁ፤ ወደ ደሴ ተዛውሬአለሁ። ልሰናበትዎ ቤትዎ ብመጣ ልጅዎን ሸጋዬን ሊያርሱ ቡሬ ሄደዋል አሉኝ። እንኳን ማርያም ማረቻት። ደብዳቤውን ለቄስ ገብረሰንበት ትቼዋለሁ፤ ሲመለሱ ያነቡልዎታል።

ቄስ ገብረሰንበት፣ እርስዎንም አደራ፤ መነጽርዎን ያድርጉና ሳይዘሉ ያንብቡላቸው። የእርስዎም ስም የሚነሣበት ቦታ አለ። እዚያ ሲደርሱ ሳል እንዳይመጣብዎ።

እማማ፣ በግንቦት ፶፯ ስመጣ ከተማው ማለት አውራ ጎዳናው ነበር። ግራና ቀኝ ጠጅ ቤትና ሱቅ፣ መሀሉን የጭነት መኪና። ቅዳሜ ሲሆን ገበያው ሞልቶ ጎዳናው ላይ ይወጣና አህያውም፣ ሰዉም፣ ሾፌሩም እኩል ይጯጯሃል። ማዘጋጃ ቤቱ አዲስ መሀል ከተማ ቀይስልን አለኝ፤ ገበያው፣ የአውቶቡስ መቆሚያው፣ ክሊኒኩ፣ ሱቁ በሥርዓት የሚቀመጥበት። ሃያ አራት ዓመቴ ነበር። ሜትሬን ይዤ ስወጣ ባላገሩ ለግብር ልለካበት የመጣሁ መስሎት ከሩቅ ቆሞ ያየኝ ነበር። እኔ ደግሞ ከመሬቱ ይልቅ ወረቀቴን አምን ነበር።

የመረጥሁት ከከተማው በታች ያለውን ሜዳ ነው። ገበታ የመሰለ፣ ድንጋይ የሌለበት፣ በግንቦት ፀሐይ ደርቆ ዶማ የሚመልስ። ችካሌን ተከልሁ፤ ባላምባራስ ቢሆነኝ የሚባሉት የኮሚቴው ሰብሳቢም መርቀው ፈረሙልኝ። ከሜዳው ጥግ እርስዎ የሸክላ አፈር የሚያወጡበት ነበር። ፕላኔ ላይ «ጉድጓድ፣ የሚደፈን» ብዬ ጻፍሁበት። የስንት ዘመን እንጀራዎን በሁለት ቃል ደፈንሁት።

ያን ዕለት ከጉድጓዱ ብቅ ብለው፣ እስከ ክንድዎ ጭቃ ሆነው ያዩኝ ትዝ ይልዎታል?

«ልጄ፣ እዚህ ምን ልታቆም ነው?»

«ከተማ ነዋ» አልሁዎ አንገቴን አቅንቼ።

«እዚህስ ከተማ አይቆምም። እንስራ የሚሆን አፈር ቤት አይሸከምም። ክረምት ያብጣል፣ በጋ ይሸሻል። ሲሸሽ ቤትህን ይዞ ነው።»

ሳቅሁ። እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ፊትዎ ላይ ሳቅሁ።

ኮሚቴው ፊትም ለጨዋታ ያህል ባነሣው ሁሉም ሳቀ። «ጉድጓዷን ለማዳን ነው እንጂ እሷ ስለ ከተማ ምን አገባት!» ያሉት፣ ቄስ ገብረሰንበት፣ እርስዎ ነዎት። ያንብቡት እንጂ። ደግሞስ እውነት አይመስልም? ጉድጓዱ ከተደፈነ እንስራ የለም፤ እንስራ ከሌለ እማማ የሚቀምሱት የለም። እንስራዎን ገዝቶ እርስዎን ደጅ የሚያቆም ሰው ደግሞ ቃልዎንም ቤት አያስገባም። የሸክላ ሠሪ ነገር እንዲህ ነው፤ እኔም የተማርሁት ሰውዬ ከሰዉ አልተሻልሁም።

በሳምንቱ እርስዎ ራስዎ መጡ። አልተቆጡ፣ አልለመኑ። «ከሜዳህ አንድ ቁና አፈር፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ጎን ካለው ጉብታ ደግሞ አንድ ቁና ቀይ አፈር ይዘህ ና» አሉኝ። ለምን እንደታዘዝሁ እስከ ዛሬ አላውቅም። ደጃፍዎ ላይ ሁለቱንም አቦኩና በአንድ የሳንቃ ቅርጽ ሁለት ጡብ አወጡ። «አንተ ለካቸው። እኔ ብለካቸው ለጉድጓዷ ነው ትላላችሁ» አሉ። ለካሁ፤ እኩል ነበሩ። «በል በስምንተኛው ቀን ና» ብለው ጥላ ሥር አስቀመጧቸው።

በስምንተኛው ቀን የጉብታው ጡብ እንደነበረ ነው። የሜዳው ግን ከወንድሙ በሁለት ጣት አጥሮ፣ ወገቡ ላይ አውራ ጣቴ የሚገባበት ስንጥቅ ነበረው። ሜትሬን ሁለቴ ሦስቴ ዘረጋሁት፤ ያው ነው። እርስዎ ደግሞ እንደ ዋዛ «እኔ እንኳ የተወቀጠ የሸክላ ገል ቀላቅዬበት ነው የሚታዘዘኝ። ለከተማ የሚበቃ ገል ከየት ታመጣለህ?» አሉኝ። ድንጋዩ ሜዳው ላይ ተራግፎ ነበር፤ በማግሥቱ መሠረት ሊቆፈር።

አሁን ወደማፍርበት መጣሁ።

ጡቦቹን በነጠላዎ ጠቅልለው ማዘጋጃ ቤት ድረስ አብረውኝ መጡ። ዘበኛው እርስዎን በር ላይ አስቀረዎ፤ እኔም «አብረን ነን» አላልሁም፤ ጡቦቹን ተቀብዬ ገባሁ። ኮሚቴው እያገላበጠ አየና ተደነቀ። ባላምባራስ «ይኼን ማን አስተማረህ?» ሲሉ «ትምህርት ቤት የተማርሁት ነው» አልሁ። በሩ ክፍት ነበር። ስወጣ ጫማዬን ጫማዬን ሳይ «ጡቦቼን ስጠኝ» ብቻ አሉኝ። ሰጠሁዎ። ጥቂት ራመድ ብለው ተመለሱና የተሰነጠቀውን እጄ ላይ አስቀመጡት።

«ደኅናውን እኔ እወስደዋለሁ። ይኼ ላንተ ይሁን።»

ቢረግሙኝ ይሻለኝ ነበር። ከተማው ወደ ጉብታው ወጣ፣ እኔ ተመሰገንሁ፣ ሹመት አገኘሁ። እርስዎ ግን ለአንድ ሰው ትንፍሽ አላሉም። ጭራሽ ወባ የያዘኝ ጊዜ አዲስ እንስራ ተሸክመው መጥተው «ውኃ ከዚህ ጠጣ፣ ይቀዘቅዝልሃል» አሉኝ። ከዚያ እንስራ በጠጣሁ ቁጥር ያቺ ውሸቴ ትዝ ትለኝ ነበር። ቢሆንም ጠጣሁ፤ የዳንሁትም በእርስዎ ውኃ ነው። እማማ፣ ለአፈሩም፣ ለውኃውም፣ ዝም ብለው ለጠበቁኝም አመሰግንዎታለሁ። ይህን በአፌ ለመናገር አራት ዓመት ፈራሁ።

ትናንት ኮሚቴው መሸኛ አድርጎ ጋቢ አለበሰኝ። ባላምባራስ «ጉብታውን መርጦ ከተማችንን ያቆመ ልጅ» ብለው ሲመርቁኝ ትከሻዬ አልችል አለኝ። ጋቢውን አውልቄ አጠፍሁና የተሰነጠቀውን ጡብ ከቦርሳዬ አውጥቼ ጠረጴዛው ላይ አኖርሁት። ሁሉንም ነገርኋቸው፤ ጉድጓዱን፣ ስምንቱን ቀን፣ በሩን። መጀመሪያ የተናገሩት ቄስ ገብረሰንበት ናቸው። «ጉድጓዷን ለማዳን ነው ያልሁት እኔ ነበርሁ» አሉ፤ «ብታድነውስ ምን ነውር ነበረው? እኛን ጨምራ አዳነች።» ቄስ ሆይ፣ ይህችን ጮክ ብለው ያንብቧት፤ ሁለት ጊዜ።

ከዚያ ፕላኑን ከግድግዳው አወረድን። ከተማው ጉብታው ላይ ከወጣም በኋላ ሳይሰረዝ የቀረውን «ጉድጓድ፣ የሚደፈን» ያልሁትን በምላጭ ፋቅሁና «የወይዘሮ እታለም የሸክላ አፈር፤ አይደፈንም፣ ቤት አይሠራበትም» ብዬ ጻፍሁ። ከግርጌው ደግሞ፣ የቀያሹ ስም ከሚሰፍርበት ከፍ ብሎ፣ «ቦታውን የመረጡት ወይዘሮ እታለም» የሚል አገባሁበት። ባላምባራስ ማኅተማቸውን መቱበት።

ከቡሬ ሲመለሱ ማዘጋጃ ቤት ጎራ ይበሉ። ዘበኛው አያስቀርዎትም፤ ነግሬዋለሁ። ፕላኑ ከገቡ በስተቀኝ ተሰቅሏል። ፊደሉ ቢያስቸግርዎ ጉድጓድዎን በቅርጹ ያውቁታል፤ ጣትዎን ያሳርፉበት። ጋቢውም የእርስዎ ነው፤ ቄስ ገብረሰንበት ዘንድ ነው፣ ይቀበሏቸው።

የተሰነጠቀውን ጡብ ግን አልመልስልዎትም፤ ለእኔ የተሰጠ ነው። ደሴም አዲስ ሰፈር ቀይስ ተብያለሁ። ሜትሬን ከመዘርጋቴ በፊት ጡቡን ይዤ «በዚህ አገር ሸክላ የምትሠራው ማን ናት?» እያልሁ እጠይቃለሁ። ስትገኝም ስሟን አስቀድሜ እጽፋለሁ።

በር ላይ ጥሎዎ የገባው ልጅዎ
ክንፈሚካኤል