አላርፍ ያለው እጅ፦ የዲያቆን ክንፈሚካኤል ቸኮለ የሕይወት ታሪክ

ዲያቆን ክንፈሚካኤል ቸኮለ ከአባታቸው ከቄስ ቸኮለ ረዳና ከእናታቸው ከወይዘሮ ስንዱ አለኸኝ፣ ማንኩሳ አካባቢ በ1943 ዓ.ም. ተወለዱ። ፊደል ከአባታቸው ቆጥረው፣ ዲቁና ተቀብለው፣ ቅኔ ከተቀኙ በኋላ ቡሬ አጠገብ አቋቋም ሲማሩ፣ የጸናጽል አያያዛቸውን ለማየት ሰው ከሩቅ ይመጣ ነበር።

በ1967 ዓ.ም. ግን እጃቸው ጸናጽል ሳይዝ ከፍ ዝቅ ማለት ጀመረ። አንድ ቃል ከያዙ ያንኑ ይመላልሳሉ፤ የሌለ ድምፅም ይሰማቸዋል። አገሩ ሁሉ «ትምህርት እንዲገባው አብሾ ጠጥቶ ነው» ብሎ ፈረደ፤ አእምሮ ይከፍታል የሚባለው ይህ ቅጠል ሲበዛ ያሳብዳል ይባላልና። የቆሎ ተማሪ ሲታመም ለእኛ አገር ሰው ሌላ ምክንያት የለም። እህታቸው ወይዘሮ አልጣሽ «ወንድሜ ቅጠሉን ነክቶት አያውቅም» ብለው ቢምሉ ማን ሰምቷቸው። ማርከሻ ነው እየተባለ ዲያቆኑ መራራ ሥር ሲጋቱ ሰውነታቸው አለቀ። የታጨችላቸው ልጅ ቤተሰቦችም ቃላቸውን አጠፉ፤ ስለዚህ ትዳር አልመሠረቱም።

በ1970 ዓ.ም. ፍኖተ ሰላም በተጠራ ሰልፍ፣ ሕዝቡ ለመፈክር ግራ እጁን አንሥቶ ሲያወርድ የእርሳቸው እጅ አላቆም አለ። ሰልፉ ተበትኖም ይነሣል፣ ይወርዳል። «በአብዮቱ አፌዘ» ተብለው ታሰሩ። ወይዘሮ አልጣሽ ስንቅ ባደረሱ ቁጥር ሕመም ነው ብለው ቢለምኑ፣ የቀበሌው ሊቀመንበር «መፈክር የሚያውቅ ሕመም የት አለ» እያለ መለሳቸው።

ሲፈቱ ወይዘሮ አልጣሽ በሬያቸውን ሸጠው አዲስ አበባ ወሰዷቸው። ሐኪሙ ስኪዞፍሬንያ የሚባል የአእምሮ ሕመም መሆኑን፣ እጅን «በቃ» የሚለው የአንጎል የፊት ክፍል በደንብ እንደማይሠራላቸው አስረዷቸው። መድኃኒቱ ድምፁን አስታገሠ፤ እጁን ግን ብዙም አልረዳው። ይህን ይዘው ቢመለሱ ጎረቤቱ «አብሾን የከተማ ሐኪም የት ያውቀዋል» አላቸው። ከዚያ ወዲህ ወይዘሮ አልጣሽ ማስረዳቱ ሰልችቷቸው፣ የወንድማቸው እጅ ሲበረታ በመዳፋቸው ይዘው አብረዋቸው ይቀመጡ ነበር። ያኔ ቀስ እያለ ይቆማል።

ዲያቆን ክንፈሚካኤል በሳንባ ምች ጥቂት ቀን ታመው፣ ጥር 14 ቀን 1981 ዓ.ም. በተወለዱ በ38 ዓመታቸው አረፉ። እጃቸው በእህታቸው መዳፍ ውስጥ ነበር። እናታቸውና እህታቸው ቀርተዋል።

ለቀብሩ ስንሰናዳ እንኳ ከደጅ «አብሾው ገደለው» ሲባል ሰምተናል። ወይዘሮ አልጣሽ ስለ ሌላው እንደፈለግን እንድንጽፍ ፈቅደው፣ አንድ ነገር ብቻ ጮክ ተብሎ እንዲነበብ አዘዋል፦ «ወንድሜ አብሾ አልጠጣም፤ ታሞ ነበር።»

የቅዱስ ሚካኤል አምላክ ነፍሳቸውን ከአብርሃም አጠገብ ያኑርልን፤ ለእኛም ማስተዋሉን ይስጠን።